ማስተካከያ፦ የግብር ክርክር በቀጥታ ፍርድ ቤት አይገባም

ባለፈው ጽሑፌ «የግብር ውሳኔው ካልተዋጠልህ ፍርድ ቤት ሂድ፣ የክርክሩን ግማሽ አስይዝ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ያረሙኝ ደሴ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ አባት ናቸው። የተጨማደደች ፖስታ አውጥተው «ልጄ፣ አንተን ሰምቼ ቢሆን ሱቄ ታሽጎ ነበር» አሉኝ። ፖስታዋ ጥግ ላይ ውሳኔው የደረሳቸውን ቀን በእስክርቢቶ ጽፈዋል። ብልህ ናቸው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት መጀመሪያ ቅሬታ የሚቀርበው ለራሱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ነው፤ በ21 ቀን ውስጥ። መልሱ ካላረካ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን። ከሚከራከሩበት ግብር 50 በመቶ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አሁንም በ30 ቀን። ያኔ ግን 75 በመቶ ይጠየቃል። 400 ሺህ ብር ላይ ለሚከራከር ሰው 200 ሺህ እና 300 ሺህ አንድ አይደሉም፤ ለዚህ ነው ስህተቴ ያሳፈረኝ።

ሌላም የዘለልኩት አለ። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ የሚያየው የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። «የቀን ሽያጬ ይህን ያህል አይደለም» የሚል ሙግት እዚያ ጆሮ አያገኝም። ደረሰኝህንና መዝገብህን ቅሬታው ላይ ካላወጣህ፣ በኋላ ማውጣቱ ብዙ አይጠቅምም።

ግብሩን ለክልሉ ገቢዎች የሚከፍል ደግሞ የክልሉን አዋጅ ይይ። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የድሮውን ጽሑፍ ለሰው ልካችሁ ከሆነ ይህንንም ላኩላቸው።