ያለ ካርድ፣ ያለ ቀጠሮ

ድሬዳዋ የሐኪም እጥረት አለባት የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ማስረጃ የሚፈልግ ሠላሳ ኪሎ ይቀንስና ከከዚራ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ቀፊራ ይሂድ። የደቻቱን ወንዝ ሳይሻገር ምርመራው ያልቃል። ካርድ ማውጣት የለም፣ ተራ መጠበቅ የለም፣ መርፌ የለም። አንዱ ከባጃጅ አንገቱን አውጥቶ ስኳር መሆኑን ያረጋግጥለታል፤ አንዷ ቲማቲሟን እየደረደረች፣ ቀና ሳትል፣ «ጉበት ነው» ትላለች፤ ሌላው ምንም ሳይናገር እጁን ጨብጦ ይቆይና አንገቱን ይደፋል። ይኼኛው የስፔሻሊስት አስተያየት ነው።

እኔ የዚህ ነጻ አገልግሎት ተጠቃሚ ነኝና ምስጋናዬን ማቅረብ ይገባኛል። ከ118 ኪሎ ወደ 84 የወረድኩት አስቤበት፣ ተመክሬና ተሠቃይቼ ነው። የደም ግፊቴ አልወርድ ሲል፣ ስኳሬም ድንበር ላይ ሲደርስ፣ ሐኪም ቀንስ አለኝ፤ ቀነስኩ። ከሙሸበክና ከሰምቡሳ ተለያየሁ፤ እንጀራውን በግማሽ አደረግሁ፤ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሳቢያንን በእግሬ መዞር ጀመርኩ። ታሪኩ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ተራ ታሪክ ግን የከተማችንን የምርመራ ጥበብ ስለማይመጥን ማንም አልተቀበለውም። «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ስል የሚሰማኝ ሁሉ በሐዘኔታ ፈገግ ይላል። ሕመምተኛ ሲያስተባብል ማየት ለባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም።

የአገልግሎቱን ጥራት ለመረዳት ወፍራም በነበርኩበት ዘመን የተደረገልኝን ማስታወስ ያስፈልጋል። ያኔ አንድ ፎቅ ወጥቼ ትንፋሽ አጥሮኝ ግድግዳ ስደገፍ «ምን ሆነህ ነው?» ያለኝ የለም። ሌሊት በማንኮራፋት ጎረቤት ስቀሰቅስ እንኳ የተባለው «ተመችቶታል» ነው። ቦርጬ በበሩ ቀድሞኝ ሲገባ ሰው ተነሥቶ ወንበር ይለቅልኝ ነበር። ብድር የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ለካ ዋስትናዬ ሆዴ ኖሯል! አሁን ያው ደመወዝ፣ ያው ቤት፣ ያው ሥራ እያለኝ ዱቤ ስጠይቅ ባለሱቁ መዝገቡን ከመክፈቱ በፊት «ሰላም ነህ ግን?» ይለኛል።

የምርመራው ዘርፍ ሰፊ ነው። ከሁሉም የተደራጀው የትዳር ክፍሉ ነው። ባለቤቴን መንገድ ላይ አስቁመው «ምን በደለሽና ነው የምታስርቢው?» ብለዋታል፤ አብረን ስንሄድ ያዩን ደግሞ እሷ ምንም እንዳልከሳች አስተውለው የምግቡን አቅጣጫ በዓይናቸው ለክተዋል። ከሥራ የተባረርኩ፣ ዕቁብ የተበላሁ፣ ዓይን ያረፈብኝ ሰው ሆኜም ታውቄያለሁ። አንድ ጠዋት የግፊት መድኃኒቴን ውጬ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ዞሮብኝ ተንገዳገድኩ። መድኃኒቱ የታዘዘው ያኔ ለነበረኝ ግፊት ነው፤ ክብደት ሲወርድ ግፊትም ስለሚወርድ የድሮው መጠን በዛብኝ፤ በኋላም ሐኪሙ ቀነሰው። ሰፈሩ ግን «መጠጥ ጀምሯል» ብሎ ቀደም ሲል ፋይሉን ዘግቶ ነበር።

አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም። የ1977ቱን ረሃብ ያየ ትውልድ ዛሬም በመካከላችን አለ። ከዚያም ኤች አይ ቪ ተከተለ፤ መድኃኒቱ በ1997 በነጻ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ አንድ ሰው ከሳ ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀው ነበር። ሰው ሲከሳ የሚደነግጥ ሕዝብ አይወቀስም። እኔን የሚያስደንቀኝ ድንጋጤው ወዲያው ምርመራ፣ ምርመራውም ወዲያው ወሬ የሚሆንበት ፍጥነት ነው። በባቡሩ ደግ ዘመን እንኳ ከጅቡቲ የተነሣ ዕቃ እንዲህ ቶሎ አይደርስም ነበር።

ሌላው የሚያስመሰግናቸው ነገር በእርግጥ ያለብኝን ሕመም አንዱንም አለመንካታቸው ነው። ብዙ ኪሎ የጣለ ሰው የራሱ ጣጣ አለው፤ አላፊ አግዳሚው ግን ለዚያ ጊዜ የለውም። መቀመጫዬን የሸፈነው ስብ ሲሄድ አጥንቴና የእንጨት ወንበር ገና አሁን ተዋወቁ፤ ስብሰባ ላይ ስቁነጠነጥ «አንጀቱን ነው» ተባለ። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ ሹራብ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ። ስብ ሙቀት ይይዛል፤ ትንሽ የሚበላ ሰውነት ደግሞ ማገዶውን ይቆጥባል። ስለዚህ ሰው በሙቀት ምክንያት አልጋውን ወደ ደጅ በሚያወጣባት ከተማ እኔ ጥላ ሥር ይበርደኛል። «ወባ ነው» አሉ፤ ይህ እንኳ ለአካባቢው የሚቀርብ ግምት ስለሆነ አከብረዋለሁ።

ቆዳው ደግሞ አለ። ለዓመታት የተለጠጠ ቆዳ ስቡ ስለሄደ ብቻ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ሆድ ላይ ይታጠፋል፣ አገጭ ሥር ይንጠለጠላል፣ ፊትን ያስረጃል። ድሮ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ እየገላመጠኝ የሁለት ሰው ሒሳብ ያሰላ ነበር፤ አሁን በሁለት ሰው መካከል እየታጨቅሁ «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» እባላለሁ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ፀጉሬም በእፍኝ ይረግፍ ጀመር። ሐኪሙ፣ ሰውነት ምግብ ሲቀንስበት ብዙ የፀጉር ሥር በአንድ ጊዜ ዕረፍት ይወጣል፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይበቅላል አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ቤት የተባለው ሌላ ነው፤ አልጽፈውም፣ ገብቷችኋል።

ከሁሉ በላይ ግን ምስጋና የሚገባቸው ከግድግዳችን ማዶ ያሉት እማማ ናቸው። እኒህ ሴት በእኔ መክሳት እንቅልፍ ቢያጡ፣ መካከሉ በቅቤ የተሞላ ገንፎ ይዘው ከተፍ አሉ። «ብላ ልጄ፤ አብሽር፣ ከእሱ ጋር የማይድን የለም» አሉኝ። ከምን እንደምድን አልነገሩኝም። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ቆመው አስጨረሱኝ። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ጨምድዶ ያዘኝ፤ ሕመሙ ወደ ትከሻዬ ወጣ፤ ላብ በላብ ሆኜ ሆስፒታል ገባሁ። አልትራሳውንዱ የሐሞት ከረጢት ጠጠር አሳየ።

ነገሩ በሕክምና የታወቀ ነው። ሰው በፍጥነት ሲከሳ፣ በተለይ በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ ሲጥል፣ ሰውነቱ ስቡን በሚያፈርስበት ጊዜ ጉበቱ ተጨማሪ ኮሌስትሮል ወደ ሐሞቱ ይለቃል። ትንሽ የሚበላ፣ ቅባት የሚሸሽ ሰው ደግሞ የሐሞት ከረጢቱ እንደ ቀድሞው ቶሎ ቶሎ አይጨመቅም። የተኛው ሐሞት ይረጋል፣ ይጠጥራል። ከዚያ አንድ ቀን የእማማ ቅቤ ይመጣል፤ ከረጢቱ በሙሉ ኃይሉ ሲጨመቅ ጠጠሩ መውጫው ላይ ይሰነቀራል። ጉበቴን፣ ጣፊያዬን፣ ደሜንና ትዳሬን ከመረመሩት ሁሉ መካከል «ሐሞትህን ታየው» ያለኝ አንድም አልነበረም።

እዚያው ሆስፒታል ተረኛው ሐኪም ፋይሌን አገላብጦ «ክብደቱን የቀነስከው አስበህበት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ከዚያ ሁሉ ምርመራ በኋላ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው! ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው ግን እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሳያስብበት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከክብደቱ 5 በመቶ የሚሆነውን ያጣ ሰው፣ ማለትም 80 ኪሎ ከነበረ 4 ኪሎ፣ ምክንያቱ ሊፈለግለት ይገባል፤ ወድዶ የቀነሰ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። የጎዳና ሐኪሞቻችን ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። መልሱ ምርመራውን ያበላሽባቸዋል።

ከሆስፒታል ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ ደጄ ላይ ነበር። «አላልንም?» ተባልኩ። ስኳር ያለውም፣ ጉበት ያለችውም፣ ዓይን ነው ያለውም፣ ሁሉም ልክ ሆነው ተገኙ። እማማ የአጥንት ሾርባ ይዘው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጠቢብ መካከል አንድ ሰነፍ ያገኘሁት ሐረር ነው። ሱሪዎቼ በቀበቶ መታሰር እምቢ ሲሉ ወደ ጀጎል ወጣሁና መኪና ግርግር በሚሉት መንገድ ላይ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ዘንድ ቀረብኩ። ወገቤን ለካ፣ ሱሪውን ለካ፣ በመካከሉ ያለውን ልዩነት አየ፣ ሁለቱን ልኬቶች ጻፈ። በቃ። ታመምክ ወይ የለ፣ ሚስትህ ሄደች ወይ የለ። እንዲህ ያለ ግዴለሽ ሰው አይቼ አላውቅም። የኋላ ኪሶቹ እስኪነካኩ ድረስ አጥብቦ ሲሰጠኝ ትርፉን ጨርቅ ሳይቆርጥ ወደ ውስጥ አጥፎ እንደተወው አየሁ። «ለምን አልቆረጥከውም?» አልኩት። ከስፌት መኪናው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «ትመለሳለህ» አለኝ።

ይህ ሰው ሳይንሱን ያውቃል። ሰው ሲከሳ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ጥጋብን የሚያሳስበው ሌፕቲን ይቀንሳል፤ ከዓመት በኋላም ቢሆን ሰውነቱ የጠፋውን ስብ እየፈለገ ነው። ትንሽ ይበላል፣ ያቺንም ይቆጥባል። ከእኔ ሐኪሞች ሁሉ የወደፊቱን ያየው የሐረሩ ልብስ ሰፊ ብቻ ነበር፤ ያውም ለክር ዋጋ።

ትንቢቱ መሥራት ጀምሯል። ዒዱና ሠርጉ በአንድ ሰሞን ገጥመው ጥቂት ኪሎ ጨመርኩ። እማማ ገና በሩን ስከፍት አይተውኝ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ተመስገን! አሁን ሰው መሰልክ» አሉ። ከዚያም ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብቻ ልጄ፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ።»