የመጨረሻው ስንት ነው?

አንድ ዕቃ ለሽያጭ መቅረቡ ከተሰማ፣ ገዢ የሚባለው ወገን ዕቃው ምን እንደሆነ ከማጣራቱ በፊት «የመጨረሻው ስንት ነው?» ማለትን ከየት እንደተማረው አላውቅም። ሰሞኑን ከጣሊያኗ ካስቴልፊዳርዶ የመጣ፣ ባለ120 ባስ አሮጌ አኮርዲዮን ለመሸጥና በገንዘቡ የውኃ ሮቶ ለመግዛት ማስታወቂያ አውጥቼ ነበር፤ ቧንቧው በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ትዝታን ከመጫወት ልብስ ማጠብ ይቀድማልና። የደወሉልኝ ሰዎች ግን ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ ወደ መጨረሻው ዘለሉ። አንዱማ «በባትሪ ነው የሚሠራው?» ብሎ የጠየቀኝ ዋጋውን ከተከራከረኝ በኋላ ነው።

አኮርዲዮን በወናፍ የሚተነፍስ መሣሪያ ነው። ድምፅ የሚያወጡት ቀጫጭን የብረት ምላሶች በሰም ተጣብቀው ስለሚደረደሩ፣ ፀሐይ ላይ ከተተወ ሰሙ ይቀልጥና ምላሶቹ ይወላልቃሉ። ስለዚህ እውነተኛ ገዢ ማንገቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ወናፉን ቀስ ብሎ ስቦ፣ አየር ያፈተልክ እንደሆነ ያዳምጣል። ቤቴ ድረስ የመጣው ሰው ግን በጣቱ ቆርቆር አደረገና «ያረጀ ነው» አለኝ። ማስታወቂያው ላይ «አሮጌ» ብዬ የጻፍኩትን እንደ ትልቅ ምሥጢር መልሶ ለእኔው መንገሩ ነበር።

ደላላውን ደግሞ ባላነሣው በወደድኩ። «ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ፤ የተተረተውም ለእርሱ ይመስለኛል። ከእኔም ከገዢውም ኮሚሽን ጠይቆ ሲያበቃ፣ እኔ በተናገርኩት ዋጋ ላይ የራሱን ሊጨምርበት ፈለገ። ትዝታን ከባቲ፣ ባቲን ከአምባሰል አይለይም፤ የእርሱ ቅኝት ግን አንድ ቀን እንኳ አይላላም።

የቆየ ቂሜን ከነካካሁት አይቀር፣ በእኔ እምነት አኮርዲዮንን ያራከሰው የሠርግ ቤት ኪቦርድ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ከበሮውንም፣ ዋሽንቱንም፣ ክራሩንም በጣቱ ይጫንና የሙሉ ባንድ ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል። የፈረስ ጭራ አይቶ በማያውቅ ማሲንቆ ሙሽራ ማስለቀስ ነውር መሆኑ ቀርቷል። ኪቦርድ ተጫዋች ሁሉ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን በመኪናው ጭኖ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ የቀዳው ሙዚቃ በ2013 በውጭ አገር እንደገና ታትሞ አዲስ አድማጭ አገኘ፤ እኔ ጋ የሚደውለው ሁሉ ግን «ዛሬ አኮርዲዮን ማን ይሰማል?» እያለ ግማሽ ዋጋ ያስቀንሳል።

ስለ መጨረሻው ዋጋ ነበር የጀመርኩት፤ እርሱ እንኳ አሁንም አልተቆረጠም። ከሁሉ የባሰኝ ዋጋ ያልጠየቀኝ ሰው ነው። ዋሽንግተን የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ወሬው ደርሶት ደወለና «ይህ እኮ ቅርስ ነው፤ ቅርስ በሮቶ ይለወጣል?» እያለ ስለ አባቶቻችን አደራ ረዘም ያለ ንግግር አደረገልኝ። በትሕትና ከሰማሁት በኋላ «እንግዲያው አንተው ግዛውና ከቤተሰቡ አይውጣ» ስለው፣ የዋሽንግተን ኔትወርክ ድንገት ተበላሸ።