ጳጉሜን የረሳ ሲስተም

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ውዬ ነው የመጣሁት። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

እናቴ የተወለደችው ጳጉሜ 3 ቀን 1951 ነው። የሩፋኤል ለት። አያቴ በዝናቡ ተጠምቃ ስትመለስ ነው ምጥ የያዛት። እኛ ቤት ይሄን ቀን የሚረሳ የለም። ዛሬ የልደት ቀኗ የሚጻፍበትን አዲስ ወረቀት ልናወጣላት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረን ተሰልፈን በስንት መከራ መስኮቱ ጋ ደረስን። ልጅቷ ወሩን ልትመርጥ ከመስከረም ጀምራ ወደ ታች ወረደች። ነሐሴ ላይ ዝርዝሩ አለቀ።

«ጳጉሜ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ሲስተሙ ላይ የለማ! ነሐሴ 30 ልበላቸው ወይስ መስከረም 1?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ልጄ፣ እኔ እኮ የተወለድኩት በሩፋኤል ነው» አለቻት፣ በትህትና። ልጅቷ ቀና እንኳ አላለችም። «እማማ፣ ሲስተሙ ሩፋኤልን አያውቅም።» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ! አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ከኋላ «ኧረ ይምረጡና እንለፍ» ይላል። እናቴ አፈረች። በተወለደችበት ቀን አፈረች። «በቃ ደስ ያላችሁን ጻፉት» አለች። መስከረም 1 ቀን 1951 ተባለ። በአንድ ጊዜ 362 ቀን አስረጇት።

ልጅቷ እንኳ የተሰጣትን ነው የምትሞላው፣ አነጋገሯ ቢያቃጥለኝም። እኔን ያበገነኝ ያን ሲስተም የሠራው ሰው ነው። እኔም እንጀራዬን የምበላው ኮድ ጽፌ ስለሆነ ሰበብ አይነገረኝ። ዓመቱን ለ4 አካፍል፣ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜ 6 ቀን አላት፣ ካልሆነ 5። አለቀ! ዘመነ ሉቃስን የሚቆጥር የቆሎ ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። የ12 ወር ቅጽ ከሌላ አገር አምጥተው የወሮቹን ስም ብቻ እንደቀየሩት ያስታውቃል። ከማስረከባቸው በፊት አንድ ሰው ጳጉሜን ልሞክራት ብሎ ቢነካው ወዲያው ይታይ ነበር። ማንም አልነካውም።

በ1996 እ.ኤ.አ. አሪያን 5 የተባለችው ሮኬት ከተነሳች 40 ሰከንድ ገደማ ላይ የተበታተነችው በዚሁ ዓይነት ስህተት ነው። የ64 ቢት ቁጥር 16 ቢት ብቻ በሚይዝ ጠባብ ቦታ አልገባ አለ። እዚያ ግን መርማሪ ቡድን ተቋቁሞ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለሕዝብ ተነገረ። የእናቴን 362 ቀን ማን ይመረምርልኛል?

ባለፈው ወር ደግሞ ማራኪ ሰፈር የእሷን የግፊት መድኃኒት ስገዛ በስልክ ከፈልኩ። ኔትወርክ ጠፋ። «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» አለኝ፣ ሞከርኩ፣ ሁለቴ ቆረጠብኝ። ለአንድ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ቢሰጡት እኮ ያው ጥያቄ ሲደገም «ይሄ ተከፍሏል» ብሎ ይመልሰው ነበር። ጎንደር ላይ ኔትወርክ እንደሚቆራረጥ ሕፃን ያውቃል! ብሬን ለማስመለስ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሦስቱንም ቀን መልሱ «ሲስተም የለም» ነው።

የዛሬውም በጠዋቱ አላበቃም። ከሰዓት ጡረታዋን ልናስተካክል ሌላ ቢሮ ሄድን። የድሮው ደብተር ጳጉሜ 3 ይላል፣ አዲሱ ወረቀት መስከረም 1። «አይመሳሰልም፣ አንድ ሰው ስለመሆናቸው ደብዳቤ አምጡ» ተባልን። በሥጋ ፊታቸው ቆማለች እኮ!

ነገ ለደብዳቤው ቀበሌ ልንሰለፍ ነው። እናቴ ራቷን በቅጡ ሳትበላ «ብቻ እንደዚያች ልጅ ያለ አይግጠመን» ብላ ተኛች።