እርማት፦ እምቢ ለማለት ጀግና ሆኖ መወለድ አያስፈልግም

ወንድሜ፣ «የሚልግራም ሙከራ እንዳሳየው ሰው ሁሉ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ እምቢ የሚሉት ጀግና ሆነው የተፈጠሩ ጥቂቶች ናቸው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው፤ ግን ልክ አይደለም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሙከራ፣ ተሳታፊዎቹ ሌላ ሰው በተሳሳተ ቁጥር በማሽን ቮልቱን እየጨመሩ በኤሌክትሪክ እንዲቀጡት ታዘዙ። ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ ሄዱ። (በእውነት እየቀጡት መስሏቸው ነበር እንጂ ሰውየው አልተነዘረም።) 14ቱ ግን አቋረጡ። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ይቻላል። ይሄ እንዴት ጥቂት ይባላል?

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን ሌላው ዙር ነው። ትእዛዙ ያው፣ ማሽኑም ያው። ልዩነቱ ተሳታፊው አጠገብ ሁለት ሰዎች መቀመጣቸው ነው። አንዱ 150 ቮልት ላይ ሲደርሱ አልቀጥልም ብሎ ተነሳ፤ ሌላው ደግሞ 210 ላይ። ሁለቱም ይህን እንዲያደርጉ አስቀድሞ የተነገራቸው ናቸው፤ ተሳታፊው ግን ይህን አያውቅም። በዚህ ዙር ከ40ው እስከ መጨረሻው የሄዱት 4 ብቻ ናቸው!

እነዚያ 36ቱ ተመርጠው የመጡ ጀግኖች አይደሉም፤ እንደ ፊተኞቹ ተራ ሰዎች ናቸው። ባሕርይ ምንም ለውጥ አያመጣም እያልኩ አይደለም። ግን ከጎናቸው ቀድሞ የተነሳ ሰው አይተዋል። እባክህ ጽሑፍህ ላይ ይህቺን አስተካክላት።