ባቡር ዳገት አይወድም

እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ በብስክሌት ሳልፍ ያየኝ ያገሬ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «መኪናህን ምን ነካት?» ደህና ናት ስለው የባሰ ያዝንልኛል። ሸጦ በልቷት ነው ብሎ ይደመድማል መሰለኝ። በኛ ሰው ዓይን ብስክሌት ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የልጅ መጫወቻ ወይ የችግር ምልክት። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን፣ ትልቁን የብስክሌት ውድድር፣ ሲወዳደር ያጨበጨብነውም እኛው ነን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ጉድ ናቸው። እሁድ ጠዋት ቤክዌል የምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለው መኪና ማቆሚያ ሄዳችሁ ብታዩ፣ መኪናው ሁሉ ከኋላው ወይ ከአናቱ ላይ ሁለት ሦስት ብስክሌት አዝሏል። መኪና የሌለበት ቦታ ፍለጋ በመኪና ነው የሚመጡት። ለማቆሚያው ከፍለው፣ ብስክሌቱን አውርደው፣ ሻያቸውን በፔርሙስ ይዘው ይነዳሉ። እኔም እንደነሱ ሆኛለሁ፤ ልክድ አልችልም።

አገሩ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ፒክ ዲስትሪክት ይባላል፤ በ1951 የእንግሊዝ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለ። ደቡባዊው ክፍሉ ድንጋዩ ነጭ ስለሆነ ዋይት ፒክ ይሉታል። ማሳው የሚታጠረው ያለ ጭቃ በተካበ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ትግራይን የሚያውቅ ሰው ድንጋዩን ሲያይ ልቡ ይደነግጣል። ወንዞቹ ገደል ቆርጠው ነው የሚያልፉት፤ ስለዚህ መንገዱ ወይ ይወርዳል ወይ ይወጣል፣ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። በአስፋልቱ ልንዳ ካላችሁ ግራና ቀኝ የድንጋይ ካብ፣ ከኋላ የሚቁነጠነጥ መኪና፣ ከፊት ጉልበት የሚያስከዳ ዳገት ነው።

ታዲያ የሰባ ዓመት አሮጊት እዚህ አገር እየሳቀች የምትነዳው በምን ተአምር ነው? በባቡር ነው መልሱ። ሞንሳል ትሬል የሚባለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ1863 የተከፈተ የባቡር መስመር ነበር። የብረት ጎማ በብረት ሀዲድ ላይ ይንሸራተታል፣ ባቡር ዳገት አይወድም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን በስተው፣ ገደሉ ላይ ድልድይ ዘርግተው፣ 100 ሜትር ተሂዶ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ እንዲወጣ አድርገው ሠሩት። የዛሬው ብስክሌተኛ የሚነዳው ያንን የድካም ውርስ ነው። እግር አያውቀውም፤ ስትመለሱ ብቻ ፔዳሉ ሲቀልላችሁ «ለካ ስወጣ ነበር» ትላላችሁ።

ዋሻዎቹን መንገር አለብኝ። 400 ሜትር አካባቢ የሚረዝሙ አራት ትልልቅ ዋሻዎች አሉ። በነሐሴ እንኳ አፋቸው ላይ ስትደርሱ ብርዱ እንደ ፍሪጅ በር ሲከፈት ፊታችሁን ይመታዋል። ውስጡ መብራት አለው፣ ሲመሽ ግን ይጠፋል። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል፤ አንዷ ጠብታ ሁልጊዜ ማጅራቴን ነው የምትፈልገው። የሕፃናት ጩኸት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይንከባለላል። ከዚያ ድንገት ብርሃን ይመጣና በአምስት ቅስት በቆመ የድንጋይ ድልድይ ላይ ትወጣላችሁ፣ ከታች ዋይ ወንዝ ይጠመዘዛል። ይህ ድልድይ ሲሠራ ሸለቆውን አበላሸው ብሎ የተቆጣ የዘመኑ ዝነኛ ጸሐፊ ነበር። የባክስተን ሞኝ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ቤክዌል፣ የቤክዌል ሞኝ ሁሉ ባክስተን እንዲደርስ ተብሎ ነው ወይ ይህ ሁሉ ጥፋት ብሎ ነበር የተሳለቀው። ዛሬ ያንን «ጥፋት» ፎቶ ሳያነሳ የሚያልፍ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናርም፤ እንግሊዞች ብስክሌት ስለወደዱ አይደለም ይህ መንገድ የመጣው። ስለከሰሩ ነው። በ1963 ዶክተር ቢቺንግ የሚባሉት የባቡር ድርጅቱ ሊቀመንበር ከ2,000 በላይ ጣቢያ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረቡ፣ ኪሳራ በዝቷል ተብሎ። በዚያ ዘመን ማዕበል የሞንሳሉም መስመር በ1968 ተዘጋ፣ ሀዲዱ ተነቀለ። ዓመታት ባዶውን ተኛ። የፓርኩ አስተዳደር መሬቱን ተረክቦ በ1981 ለሕዝብ ከፈተው፤ ዋሻዎቹ ግን አደጋ አላቸው ተብሎ እንደታሸጉ ቀሩ። የተከፈቱት በ2011 ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ዋሻው አፍ ላይ እየደረሰ በገደሉ ዙሪያ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ፈረንጅ ሁሉን ነገር ቶሎ ይሠራል የሚል ካለ ይህንን ንገሩልኝ።

የሚገርመው አሁንም «ባቡራችን ይመለስልን» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ብስክሌተኛው ደግሞ አንለቅም ይላል። እኔ በዚህ ክርክር ቀናሁ። መሬቱ እንዳለ ስለቆየ እኮ ነው የሚጣሉበት። ተቆርሶ ተሸጦ፣ ቤት ተሠርቶበት ቢሆን ኖሮ ብስክሌቱም ባቡሩም ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁሉም መስመር እንዲህ ለስላሳ አይደለም ደግሞ። ሀይ ፒክ ትሬል የሚባለው በ1831 አካባቢ የተሠራ፣ ከእንግሊዝ ጥንታዊ የባቡር መስመሮች አንዱ ነው። የሠሩት ሰዎች አሳባቸው እንደ ቦይ ነበር፤ ረጅም ሜዳ፣ ከዚያ ድንገት ግድግዳ የሚመስል አቀበት። አቀበቱን ፉርጎዎቹ የሚወጡት ከላይ በተተከለ የእንፋሎት ሞተር በገመድ እየተጎተቱ ነበር። እኔን የሚጎትተኝ አልነበረም። የባቡር መንገድ ነው ምን ይመጣብኛል ብዬ ከታች ጀመርኩና ግማሽ ሳልደርስ ወርጄ ገፋሁ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ጎማውንም ካቴናውንም እንደ ተበጠበጠ በሶ ለብጦታል፤ ቤት ስደርስ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ሆነ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ አጥቤ እስክጨርስ በር አልከፈተችልኝም።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ድሬ ራሷ የተፈጠረችው ባቡር ዳገት ስለማይወድ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ መድረሻው ሐረር ነበር፤ ተራራውን መውጣት ግን ገንዘብ የሚበላ ሆነ፣ በ1902 እግሩ ሥር ቆመና ከተማ ሆነ። አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ወዲያ በ1917 ነው። ድሬ ሜዳ ናት፤ ልጅ ሆነን ብስክሌት በሰዓት እየተከራየን ከዚራ የሚባለውን ሰፈር በጥላው ሥር እንዞር ነበር፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ባለቤቱ እየጮኸ ያባርረናል። ወደ ሐረር በደንገጎ ጠመዝማዛ ግን በብስክሌት የሞከረ አላውቅም፤ ጫት ጭኖ የሚበርረው መኪና አያስደርስም። ድንጋዩም ያው የኖራ ድንጋይ ነው። ለገ ኦዳን የመሰሉ ሥዕል ያለባቸው ዋሻዎች በዚያው አካባቢ ናቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ስሄድ የድሮውን ሀዲድ ተከትዬ ከከተማ ትንሽ ወጣሁ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ መስመር ይሄዳል፤ አሮጌው ወደ አዲስ አበባ መሮጥ ካቆመ ብዙ ዓመቱ ነው። መንገዱ ግን ሥራ አልፈታም። ፍየል የሚነዱ ልጆች ይሄዱበታል፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይሄዱበታል፣ ግመል ሳይቸኩል ይሄድበታል። መኪና የማይገባበት፣ ዳገቱ የማይታወቅ፣ ካፌና ምልክት ብቻ የጎደለው መንገድ ነው። ካፌው ይቅር፤ እኔን ያሳሰበኝ ቦታ ቦታ ላይ የቆርቆሮ አጥር ሀዲዱን ማቋረጥ መጀመሩ ነው። በዚያ ሙቀት ቱሪስት በብስክሌት ይጎርፋል ብዬ አልዋሽም፤ በጠዋት ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ግን ከባጃጅ ጋር ከመጋፋት ይሻለዋል።

እዚህ ምግብ በብስክሌት የሚያደርስ ወዳጅ አለኝ። ሼፊልድ ደግሞ ዳገቷ አይጣል ነው። እሁድ ሞንሳል እንሂድ፣ መንገዱ ሜዳ ነው ስለው፤ «ስድስት ቀን የሰው ፒዛ ተሸክሜ የወጣሁት አንሶኝ ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

አባቴ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው። የዋሻውን ቪዲዮ ልኬለት ደወለ። (ድሬዎች አንቱታ ላይ አንበረታም፣ እንዳትታዘቡኝ።)

«ሀዲዱንስ የት አደረሱት?» አለኝ መጀመሪያ።

«ነቅለውታል፣ አባባ።»

ዝም አለ። የመስመሩ ችግር መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ዋሻው ስትገባ ጥሩምባ ነፋህ?»

«ደወል ነው ያለው፣ የብስክሌት።»

«እሱንም ቢሆን መደወል ነበረብህ» አለኝ፤ «ከወዲያ የሚመጣ አይታይህም።»