የካምፑን ኢንተርኔት የሚያንቀው መስመሩ ሳይሆን ግቢው ነው

በአርቪ፣ ማለትም ቤት ሆኖ በተሠራ መኪና፣ የሚጓዝ እንግዳ ከካምፕ፣ ማለትም መኪናውን አቁሞ ከሚያድርበት ግቢ፣ ኢንተርኔት የሚጠብቀው ኢሜይል መክፈቻ ብቻ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ መኪናው ቢሮም ሳሎንም ነው፤ ቀን የቪዲዮ ስብሰባ፣ ማታ ፊልም፣ ልጆቹ ደግሞ ጌም። ቅሬታ ሲበዛ ብዙ የካምፕ ባለቤቶች የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ከአቅራቢው ፈጣን መስመር ይገዛሉ። ብዙም ሳይቆይ ቅሬታው ተመልሶ ይመጣል። መስመሩማ ቢሮው ድረስ በደህና ደርሷል። የሚታነቀው ከቢሮው እስከ እንግዳው መኪና ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ገንዘቡም መውጣት ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ስሌቱን እንሥራ። 100 መቆሚያ ያለው ካምፕ ሲሞላ፣ በየመኪናው ሁለት ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ታብሌትና ቲቪ ብንቆጥር 500 መሣሪያ ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 40 ቤተሰብ ኤችዲ ቪዲዮ ቢከፍት፣ ለአንዱ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ብንይዝ 200 ሜጋቢት ይበላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን አፕሎዱን፣ ማለትም ከእንግዳው ወደ ውጭ የሚላከውን፣ ነው። 10 እንግዶች ስብሰባ ላይ ቢሆኑና እያንዳንዳቸው 3 ሜጋቢት ቢልኩ 30 ሜጋቢት ያስፈልጋል። ዳውንሎዱ 300፣ አፕሎዱ 10 የሆነ መስመር ይህን አይሸከምም። አፕሎዱ ሲሞላ ደግሞ ዳውንሎዱም አብሮ ይንቀራፈፋል፤ ፊልም የሚቀበለው ቲቪ «ደርሶኛል» የሚል መልስ መላክ አለበትና መልሱ ወረፋ ላይ ሲቀር ላኪው ይጠብቃል። አንድ እንግዳ የቀኑን ፎቶዎች ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር የጎረቤቱ ስብሰባ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። የወረፋው መፍትሔ ራውተሩ ላይ ኤስኪውኤም የሚባለውን የወረፋ ማስተካከያ ማብራትና ፍጥነቱን ከተለካው መስመር ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ መገደብ ነው። ያኔ ወረፋው በሞደሙ ሆድ ውስጥ ሳይሆን ልንቆጣጠረው በምንችለው ቦታ ይሰለፋል።

«ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ግን ምንም አይከፍትም» የሚለው ቅሬታ በየካምፑ ይሰማል። እንግዳው እውነቱን ነው። ቢሮው ጣሪያ ላይ ትልቅ አንቴና ተተክሎ በከፍተኛ ኃይል ይጮኻል፤ ስልኩ በግልጽ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ሲግናሉን ሙሉ አድርጎ ያሳያል። የስልኩ የራሱ ድምፅ ግን ደካማ ነው፤ በዚያ ላይ የመኪናው ግድግዳ ብዙ ጊዜ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ነው። መልሱ አንቴናው ጋ አይደርስም። በዚህ ጊዜ ኃይሉን መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም። የሚሠራው ተቃራኒው ነው፦ ብዙ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሣጥን)፣ እያንዳንዱ ዝቅ ባለ ኃይል፣ ከ4 እስከ 5 ሜትር ምሰሶ ላይ፣ አንዱ ለ8 ወይም ለ10 መቆሚያ።

አየሩ የጋራ ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። በ1 ሜጋቢት የሚጎተት ሩቅ ስልክ የሌሎቹን ተራ ይበላል። ስለዚህ በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ላይ 1፣ 2፣ 5.5 እና 11 ሜጋቢት የሚባሉትን አሮጌ ፍጥነቶች መዝጋት፣ የማይደራረቡትን ቻናል 1፣ 6 እና 11 ብቻ በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት መጠቀም፣ ዋናውን ሥራ ደግሞ ለ5 ጊጋኸርዝ መስጠት ያስፈልጋል። ልኬቱ የሚወሰደው ዛፎቹ ቅጠል ባላቸው ወቅት፣ መኪና ውስጥ ተገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ ነው። በደረቅ ወቅት ሜዳ ላይ ቆሞ የተለካ ካምፕ ቅጠሉ ሲያቆጠቁጥ ያሳፍራል። መኪና ውስጥ ከ-67 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) የደከመ ሲግናል ካለ ምሰሶው ሩቅ ነው ማለት ነው።

ምሰሶዎቹን በምን እናገናኛቸው? እዚህ ላይ ነው ቁጠባው የሚያከስረው። በአንድ ራዲዮ ተቀብሎ በዚያው የሚያስተላልፍ ሪፒተር በእያንዳንዱ ዝላይ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ሦስተኛው ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የመዳብ ኢተርኔት ገመድ ከ100 ሜትር አያልፍም፤ ከዚያም በላይ መብረቅ አቅራቢያ ሲወድቅ ጉልበቱን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ይዞ ይሄድና ገመዶቹን የሚያገናኘውን ስዊች ያቃጥላል። ፋይበር፣ ማለትም በብርሃን የሚሠራ የመስታወት ገመድ፣ መብረቅ አይሸከምም፤ ርቀቱም አያሳስብም። ውዱ ቁፋሮው ነው። ስለዚህ ለመብራት ወይም ለውሃ ቦይ በተከፈተ ቁጥር ለፋይበር የራሱ ቱቦ፣ ከጎኑም አንድ ትርፍ ባዶ ቱቦ፣ መጎተቻ ሲባጎ ገብቶበት ይቀበር። ነጠላ ሞድ (ለረጅም ርቀት የሚሆነው ዓይነት) ባለ 12 ክር ገመድ ከበቂ በላይ ነው። ቱቦው ውሃ መያዙ አይቀርም፤ ገመዱ ለውጭ የተሠራ ይሁን። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ገመድ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይጠምዘዝ፤ ጠብታው ማገናኛው ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ እንዲወርድ።

ሌላው የማይታይ ችግር የአድራሻ እጥረት ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ኔትወርኩ ላይ ለመግባት ከራውተሩ የራሱን ቁጥር መቀበል አለበት። ራውተሩ እንደተገዛ ከተተወ ብዙውን ጊዜ የሚያድለው 250 ያህል አድራሻ ነው፤ እኛ 500 መሣሪያ ቆጥረናል። ትናንት የሄደው እንግዳ ስልክ አድራሻውን ለ24 ሰዓት ይዞ ይቆያል፤ ዛሬ የገባው «አድራሻ በመፈለግ ላይ» እያለ ይዞራል። ኔትወርኩን /22 ወደሚባለው መጠን አስፍቶ 1000 ያህል አድራሻ ማዘጋጀት፣ የቆይታ ጊዜውንም ወደ 4 ሰዓት ማሳጠር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ዋይፋዩ ከመከፈቱ በፊት የሚመጣውን የመግቢያ ገጽስ? ብናስወግደው ይሻላል። ብዙ ቲቪዎችና አንዳንድ የጌም ማሽኖች ገጹን ለመክፈት ይቸገራሉ፤ ስልኮችም ከአይኦኤስ 14 እና ከአንድሮይድ 10 ወዲህ እውነተኛ የማክ አድራሻቸውን (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) በነባሪ ስለሚደብቁ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር እንግዳው እንደገና ግባ ይባላል። ለየመቆሚያው የራሱ ፓስወርድ ሰጥቶ በዚያ የገቡትን መሣሪያዎች በራሳቸው ትንሽ ኔትወርክ ማስቀመጥ ይሻላል። ያኔ ስልኩ የራሱን ቲቪ ያገኛል፤ የጎረቤቱን ግን አያይም። እንግዳው ሲወጣ ፓስወርዱ ይቀየራል።

«ለተሻለ ፍጥነት ተጨማሪ ክፈሉ» የሚለውን አሠራር አንደግፍም። አየሩ የተጨናነቀበት ካምፕ ውስጥ ከፋዩም ያልከፈለውም የሚሻሙት ያንኑ ቻናል ነው። የራሱን ስታርሊንክ፣ ማለትም የሳተላይት ኢንተርኔት፣ ይዞ የሚመጣውን እንግዳ ደግሞ እንደ ተቀናቃኝ ማየት ተገቢ አይደለም፤ ሰማዩ በዛፍ ያልተከለለበትን መቆሚያ ቦታ ሲይዝ ብንነግረው ከጋራው መስመር አንድ ቤተሰብ ይቀንስልናል።

አዲስ ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ ሙከራ ይደረግ። ካምፑ በሞላበት ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ላፕቶፕ በገመድ በቀጥታ ከዋናው ራውተር ጋር ተገናኝቶ ዳውንሎዱ፣ አፕሎዱና ፒንጉ (የመልሱ መዘግየት) ይለካ። ወዲያው በሩቁ መቆሚያ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ በዋይፋይ ይደገም። የመጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ከወደቀ፣ የሚጠራው አቅራቢው ሳይሆን ቦይ ቆፋሪው ነው።