ልጓሙን ማን ፈታው?

ክርክሩን ያስነሳው አንድ ሠንጠረዥ ነው። አንዱ ወዳጃችን ስልኩ ላይ የአገሮችን የግድያ መጠን ከፍቶ «እዩልኝማ» አለ። ከመቶ ሺህ ሰው በዓመት ስንቱ በሰው እጅ ይሞታል የሚል ነው። በ2017 የዓለም አማካይ 6.1 ነበር። የአሜሪካ አህጉር 17.2፣ እስያ 2.3። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የመካከለኛው አሜሪካዋ ኤል ሳልቫዶር በ2015 ከ100 በላይ ደርሳ ነበር። ጃፓን አንድ እንኳ አይሞላላትም።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና ወዲያው ፈረዱ። «ምኑ ይገርማል? ዘር ከልጓም ይስባል!» በቃ። የስንት መቶ ዓመት ታሪክ በሦስት ቃል ተዘጋ። ጋሼ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ተረት ከያዙ ግን አይለቁም።

ከመሃላችን ደፋሯ «ታዲያ ጋሼ፣ እንግሊዞቹን ምን ይሏቸዋል?» አለች። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ ሰው ወደ 20 ገደማ ይገደል እንደነበር ተመራማሪዎች የድሮ መዝገብ አገላብጠው ገምተዋል። ወንዱ ቢላ ታጥቆ ነው የሚዞረው። መጠጥ ላይ አንድ ክፉ ቃል ካመለጠ አለቀ። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 1 ወርዷል። «ዘራቸው ተለወጠ እንዴ?»

«እሱ ድሮ ነው» አሉ ጋሼ። ዘር ለካ ድሮ አይሠራም ነበር!

ባለ ስልኩ ሊያግዛቸው ገባ። «ጥናት አለኝ» አለ። በአሜሪካ የደቡቦቹ ግዛቶች ሉዊዚያናና ሚሲሲፒ በግድያ ከፊት ናቸው፣ የሰሜኖቹ ሜይንና ኒው ሃምፕሻየር ከኋላ። በ1990ዎቹ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ኮሪደር ላይ ሆን ብለው አስገጩ፣ አሰደቡም። ከሰሜን የመጡት ብዙም አልከነከናቸውም። የደቡብ ልጆች ግን የጭንቀት ሆርሞናቸው ሽቅብ ወጣ። «ይኸው! በደማቸው ውስጥ ነው!» ሆርሞን ስለጨመረ ዘር የተረጋገጠ መስሎታል።

ጋሼ ፊታቸው በራ። «ዘር ከልጓም ይስባል አላልኳችሁም?»

ወዳጃችን ጥናቱን ከርዕሱ በታች አላነበበውም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ነገሩን ያያያዙት ከኑሮ ጋር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ደቡቡ ከገቡት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ከስኮትላንድ ድንበርና ከሰሜን አየርላንድ የመጡ ከብት አርቢዎች ነበሩ። ከብት ደግሞ በአንድ ሌሊት ተነድቶ ያድራል። ዳኛ በሌለበት ንብረትህን የሚጠብቅልህ ስምህ ብቻ ነው፤ «እሱን የነካ አይተርፍም» ካልተባልክ ባዶህን ትቀራለህ። ይህ ልማድ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። እንግዲህ የጎደለው ልጓሙ ነው፣ ዘሩን ምን አመጣው?

ለእኔ ይህም አይበቃም። ደቡቡ የባርነት ምድር ነበር። ባርነት በ1865 በሕግ ካበቃ በኋላም ጥቁሮች ለአሥርት ዓመታት በደቦ ፍርድ ሲሰቀሉ ገዳዮቹ ብዙውን ጊዜ ጠያቂ አልነበራቸውም። የሟችም የገዳይም ቆዳ ጥቁር ሲሆን ሸሪፉ፣ ማለትም የአካባቢው የፖሊስ አለቃ፣ ጉዳዬም አይል። ሕግ የማይደርስለት ሰው ጠቡን በራሱ እጅ ይጨርሳል።

አንዱ ከጥግ «ድህነት ነው ባካችሁ» አለ። ቀላል መልስ ስለሆነ ሁሉም ወደደው። ኒካራጓ ግን ከኤል ሳልቫዶር ትደኸያለች፣ ጦርነትም አይታለች፤ በ2015 ግን ግድያዋ ከጎረቤቷ እጅግ ያነሰ ነበር።

የኤል ሳልቫዶር ነገር መነገር አለበት። ከ1980 እስከ 1992 የእርስ በርስ ጦርነት ወደ 75 ሺህ ሰው ጨረሰ። ከሸሹት ብዙዎቹ ሎስ አንጀለስ ገቡ። ልጆቻቸው እዚያ ከነበሩት ጋንጎች፣ ከወሮበላ ቡድኖቹ፣ ራሳቸውን ለመከላከል ተቧደኑ፤ ኤምኤስ 13 የተባለው ጋንግ የተወለደው እዚያው አሜሪካ ነው። በ1990ዎቹ አሜሪካ እየጠረዘች ላከቻቸው። የተላኩት ፖሊሱ ገና አዲስ፣ የጦርነቱ መሣሪያ በየቤቱ ወደቀረበት አገር ነው። ከዚያ የሆነው ሆነ። በ2022 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። የ2023 የመንግሥት ቁጥር 2.4 ነው። ቁጥሩ ያከራክራል፣ ንጹሐንም አብረው ታጉረዋል፣ እኔም አላጨበጭብለትም። ግን በስምንት ዓመት ከመቶ በላይ ወደ ሁለት ነጥብ ምናምን የሚወርደው ምን ዓይነት ዘር ነው?

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ቢሆንም፣ ዘር ከልጓም…» ብለው ጀመሩ።

ሠንጠረዥ አምልኮም የዘመኑ በሽታ ሆኗል። በ1998 ቫቲካን ውስጥ የጳጳሱ ጠባቂዎች የሆኑት የስዊስ ዘበኞች አዛዥና ባለቤቱ ተገደሉ። የነዋሪው ቁጥር ሺህ ስለማይሞላ ወደ መቶ ሺህ ሲሰላ ከ200 በላይ ይወጣል። ጳጳሱ የሚኖሩበት ግቢ ከኮሎምቢያ በላይ ሊቀመጥ ነው! ይህን ለመረዳት ማካፈል መቻል ይበቃል። ግን ዛሬ ማን ያካፍላል? ሞት እንደ ኳስ ቡድን በደረጃ ተሰልፎ ይቀርባል፣ ሰዉ አንደኛውንና መጨረሻውን አይቶ ስለ አንድ ሕዝብ ባሕርይ ይደመድማል። «እስቲ ቆይ፣ ለምን?» ያለ ሰው ነገር አንዛዥ ይባላል። ለልጆች ረጋ በሉ ማለት የነበረባቸው ትልልቅ ሰዎች እንኳ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ እየላኩ ይውላሉ።

ደግሞስ ዘር ነው ከተባለ ተጠያቂ አይኖርም። ጉቦ የበላው ዳኛ ነጻ ነው፣ ምስክር ሲያስፈራሩ ያየው ፖሊስ ነጻ ነው፣ መሣሪያ በትኖ የሄደውም ነጻ ነው። ከተገደሉት የስንቱ ገዳይ ፍርድ ቤት ቆመ የሚለውን ሠንጠረዥ ከፍቶ «እዩልኝማ» ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።